አንዲት «ነይ» በመርከቡ ደሴት

ሰዎቹ፦

ታየች፦ ኦስሎ ከገባች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ስቶቭነር ሰፈር በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ትሠራለች። የማታውቀው ነገር የለም፤ የማታውቀው ቢኖር እንኳ ታስረዳዋለች።

ጤናዬ፦ የታየች የአክስት ልጅ። ባሏ ግዛው በቅርቡ ከአዲስ አበባ አስመጥቷት ትቬይታ በተባለ የኦስሎ ሰፈር ይኖራሉ። የተባለችውን ሁሉ እንደተባለ ታምናለች።

(ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 2008፣ ሐምሌ ወር ነው። ጠዋት ከኦስሎ ወደብ የተነሳ የሽርሽር መርከብ ተሳፋሪዎቹን ለአንድ ቀን በድርጅቱ የግል ደሴት ላይ አራግፏቸዋል። ባሕሩ ብርሃንን እንደ ዓሣ ቅርፊት እየሰባበረ ያንጸባርቃል፤ ግን ይበርዳል። በበርሜል የተተከሉ ዘንባባዎች በነፋሱ ይንቀጠቀጣሉ። በስተጀርባ ከአንድ ምድጃ ጭስ ይወጣል። ታየች ሰፊ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርጋለች፤ ጤናዬ ካፖርት ለብሳለች። አንድ የመንጋለያ ወንበር ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተታሉ።)

ታየች፦ ወደዚህ አዙሪው አልኩሽ!

ጤናዬ፦ እትዬ ታየች፣ ባሕሩ እኮ በዚያ ነው።

ታየች፦ ባሕሩን ስንመጣ አይተነዋል።

ጤናዬ፦ ፀሐይዋም በዚያ ናት።

ታየች፦ ፀሐይ ትዞራለች። አርፈሽ ብትቀመጪ ራሷ ትመጣልሻለች።

ጤናዬ፦ ምግቡም በዚያ ነው።

ታየች፦ እኮ! ሰው ሲበላ አይታይም። በዚህ አገር ነውር ነው።

ጤናዬ፦ ታዲያ ወደዚህ ከዞርን ምንድን ነው የምናየው?

ታየች፦ ተፈጥሮን።

ጤናዬ፦ (አንገቷን አስግጋ) የመጸዳጃ ቤት በር ነው እኮ የሚታየኝ።

ታየች፦ ከበሩ ጀርባ ያለውን ዛፍ ተመልከቺ። ሁሉንም ነገር እኔ ላሳይሽ?

(ወንበሩ በታየች ፈቃድ ይዞራል። ታየች ትንጋለላለች። ጤናዬ አጠገቧ ባለ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ኩርምት ትላለች።)

ጤናዬ፦ እትዬ፣ ይህ ደሴት የማን ነው አልሽኝ?

ታየች፦ የመርከቡ።

ጤናዬ፦ መርከብ መሬት አለው?

ታየች፦ የግሉ ነው። ሌላ ሰው ዝም ብሎ አይረግጠውም።

ጤናዬ፦ መርከቡ ሲያረጅ ለማን ያወርሰዋል?

ታየች፦ የመርከብ ድርጅቱ ማለቴ ነው፣ አንቺ ልጅ! ድርጅቱ ባዶ ድንጋይ ገዛ፤ አሸዋውን ከዴንማርክ አስመጣ፣ ዘንባባውን ከስፔን አስመጣ፣ አሁን ደሴት ሆነ።

ጤናዬ፦ ዘንባባው ከስፔን የመጣው እንደኔ በቤተሰብ ማገናኘት ነው?

ታየች፦ በበርሜል ነው።

ጤናዬ፦ ምስኪን! ብቻውን ነዋ። ካፖርት እንኳ ሳይሰጡት። (ዙሪያዋን ታያለች) እነዚህ ሰዎችስ ራቁታቸውን ለምን ተዘረሩ?

ታየች፦ ፀሐይ እየሞቁ ነው።

ጤናዬ፦ ደመና ውስጥ ገባች እኮ።

ታየች፦ ቲኬቱ ላይ ተስላለች። ለፀሐይ የወጣ ሰው ፀሐይ ይሞቃል፤ እሷ ብትኖርም ባትኖርም። ይህ የሥልጣኔ ጉዳይ ነው፤ የቋንቋ ኩርስ ስትጀምሪ ይነግሩሻል።

ጤናዬ፦ (በአድናቆት) ጉድ ነው! እኛ አገር ፀሐይዋ ራሷ ናት ሰውን የምትፈልገው። እትዬ፣ ከሥራ ቦታሽ በስጦታ የምትፈልጊውን መዝናኛ ምረጪ ብለውሽ ነበር አይደል? ቲያትርም ነበረ ብለሽኛል። ለምን ይህን መረጥሽ?

ታየች፦ እንዳልተጎዳሁ ላሳይ ብዬ።

ጤናዬ፦ ለማን?

ታየች፦ (ደንገጥ ብላ) ለባሕሩ።

ጤናዬ፦ ለባሕሩ ጀርባሽን ሰጥተሽ? (ስትዞር አንድ ነገር ታያለች፤ ብድግ ትላለች) ውይ! እትዬ! ምድጃው ጋ አበሻ አለ!

ታየች፦ አትዪ!

ጤናዬ፦ ነጭ ኮፍያ አድርጓል። ቋሊማ ይገለብጣል።

ታየች፦ አትጠቁሚ!

ጤናዬ፦ በባሕር መካከል የአገር ልጅ! ሄጄ ሰላም ልበለው። (ወደ ምድጃው ትሄዳለች)

ታየች፦ (በሹክሹክታም በጩኸትም) ነይ! ጤናዬ! ነይ! ነይ!

ጤናዬ፦ (ወዲያው ተመልሳ) አቤት እትዬ።

ታየች፦ ጎበዝ። እንዲህ ነው የሰው ቃል መስማት።

ጤናዬ፦ ታውቂዋለሽ እንዴ?

ታየች፦ መኩሪያ ይባላል። አላውቀውም።

ጤናዬ፦ ስሙን ግን አወቅሽው።

ታየች፦ ስሙን አውቃለሁ፤ እሱን ነው የማላውቀው። የወሊሶ ልጅ ነው። አባቱ መምህር ነበሩ። ብዙ ሲቆም ቀኝ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሻይ ያለ ቅርንፉድ አይጠጣም። መዝሙር ሲዘምር ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሲጨርስ መክፈቱን ይረሳዋል። ከዚህ ሌላ ስለሱ የማውቀው የለም።

ጤናዬ፦ (ትንሽ አስባ) የምታውቂው ቢሆን ኖሮ እንዴት ልትሆኚ ነበር?

ታየች፦ ስሚኝ። ሰውየው አዋርዶኛል። በእሱ የተነሳ የጸሎት ቤታችንን ትቼ የኖርዌጂያኖቹ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመርኩ። ቄሱ ሲጨርሱ «አሜን» ብዬ ብጮህ ሰው ሁሉ የታመምኩ መስሎት ዞሮ አየኝ። እዚህ እንደሚሠራ ከሰው ሰማሁ፤ ዛሬ የመጣሁት ደህና መሆኔን እንዲያይ ነው።

ጤናዬ፦ ፊትሽን ሳያይ እንዴት ያውቃል?

ታየች፦ ጀርባዬን ያያል። ጀርባዬ ይናገራል።

ጤናዬ፦ ምን ይላል?

ታየች፦ «ደህና ነኝ» ይላል።

ጤናዬ፦ (ወደ ታየች ጀርባ ዞራ፣ ጎንበስ ብላ) አልሰማሁትም።

ታየች፦ ለእሱ ነው የሚናገረው! (መነጽሯን ከፍ አድርጋ፣ ድምፅዋ ተለውጦ) እውነቱን ልንገርሽ? ራሱ መጥቶ፣ እዚህ ቆሞ፣ «ታየች፣ ያን ቀን አጥፍቻለሁ» ቢለኝ… ምናልባት እሰማው ይሆናል። ምናልባት ነው ያልኩት።

ጤናዬ፦ ካልመጣስ?

ታየች፦ መርከቡ ሲጮህ እንሄዳለን። እሱ የሽርሽሩን ወቅት ሁሉ እዚሁ ደሴት ላይ ነው የሚያድረው። እኔ ተመልሼ አልመጣም፤ እሱም ቤቴን አይፈልግም። አበቃ። መኩሪያ የሚባል ሰው አልነበረም እላለሁ።

(ነፋስ ይነፍሳል። ጤናዬ ትንቀጠቀጣለች።)

ጤናዬ፦ በረደኝ። እትዬ፣ ካንቺ ጋ ልጠጋ?

ታየች፦ ነይ።

(ጤናዬ በርጩማዋን ትታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች።)

ታየች፦ ምን ማለትሽ ነው? ነይ አልኩሽ እኮ!

ጤናዬ፦ መጣሁ እኮ!

ታየች፦ ነይ ነው የምልሽ!

ጤናዬ፦ እሺ። (ትጠጋለች) ይበቃል?

ታየች፦ ነይ! ወንበሩ አይችለንም፣ ነይ!

ጤናዬ፦ ከዚህ በላይ የት ልምጣ? እላይሽ ላይ ልውጣ?

ታየች፦ ነይ! ነይ! ነይ!

ጤናዬ፦ (ካፖርቷን ሰብስባ) እንግዲህ ካልሽ…

(ትወጣባታለች። ወንበሩ ይታጠፋል። ሁለቱም ከዴንማርክ በመጣው አሸዋ ላይ ይወድቃሉ። ባርኔጣው ይንከባለላል።)

ታየች፦ አብደሻል?! ነይ ማለት አይሆንም ማለት ነው!

ጤናዬ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ታየች፦ ኖርዌይ ከተፈጠረች ጀምሮ!

ጤናዬ፦ አንቺ ግን በአማርኛ ነበር የምታወሪኝ።

ታየች፦ አማርኛዬ ውስጥ የገባ ነው። እኛ እዚህ የቆየን ሰዎች «አዎ» አንልም፤ «ያ» እንላለን። «አይ» አንልም፤ «ነይ» እንላለን። ሰው ስጠራም «ኮም» ነው የምለው። የድሮውን «ነይ» ከረሳሁት ስንት ዘመኔ!

ጤናዬ፦ ቅድም ወደ ሰውየው ስሄድ ነይ አልሽኝ፤ ተመለስኩ፤ ጎበዝ አልሽኝ።

ታየች፦ አትሂጂ ማለቴ ነበራ።

ጤናዬ፦ እኔ ደግሞ ተመለሺ ያልሽኝ መስሎኝ ነው።

ታየች፦ ያው ነው።

ጤናዬ፦ ያው ነው… ግን አይደለም። (በድንገት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ትጭናለች) እትዬ! እንዲህማ ከሆነ ጉድ ፈልቷል!

ታየች፦ ምን ሆንሽ?

ጤናዬ፦ የእኛ ሕንፃ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ ልብሴን ይዤ ስቆም፣ አንዲት ሴትዮ ነይ ነይ አለችኝ። እሺ ብዬ ገባሁና የእኔን ልብስ ከእሷ ልብስ ጋር አብሬ ከተትኩት።

ታየች፦ እና?

ጤናዬ፦ ጥላልኝ ወጣች። እንዴት ያለች ቸር ናት አልኩ።

ታየች፦ (ሳቋ እያመለጣት) አንቺ!

ጤናዬ፦ ግሮንላንድ የሚባለው ሰፈር ደግሞ አንዲት እናት ሕፃን በጋሪ ትገፋለች። እንዴት ያምራል መሰለሽ! ጎንበስ ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ እናትየዋ ነይ ነይ ነይ! አለችኝ። እንዲህ ከጠራችኝማ ብዬ አንስቼ ሳምኩት።

ታየች፦ ወይኔ!

ጤናዬ፦ ጮኸች። ደስታዋን መቻል ያቃታት መሰለኝ። እትዬ፣ እኔ እኮ ለእናቴ ደውዬ «ኖርዌዮች ሰው ወዳድ ናቸው፣ የማያውቁትን ሁሉ ነይ ነይ ይላሉ» ብያታለሁ! እሷም ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች!

ታየች፦ (እንባዋ እስኪፈስ ስቃ፣ አሸዋዋን እያራገፈች) አየሽ፣ አንዲት ቃል ያላወቀ ሰው በዚህ አገር እንዴት መሳቂያ እንደሚሆን? እንደኔ ያለ ሰው ባይኖርሽ ምን ይውጥሽ ነበር!

ጤናዬ፦ ግን እኔ፣ ሳልጠራ ሄድኩ እንጂ ተጠርቼ አልቀረሁም። ግዛው የሚነግረኝ አንዲት ሴት አለች፤ እሷ ናት እንጂ የባሰች።

ታየች፦ የቷ ናት?

ጤናዬ፦ ስሟን አልነገረኝም። የሰው ገመና ነው አለ። የግዛው ጓደኛ የሆነ አንድ ሰውዬ ነው፤ የእሱንም ስም ደበቀኝ። ይህች ሴትና እሱ ይዋደዱ ነበር። ብቻ ቤት የለውም፤ ከሌሎች ወንዶች ጋር ተዳብሎ ነበር የሚኖረው። ኮሙኑን፣ ማዘጋጃ ቤቱን ማለት ነው፣ ሲለምን፣ ሲለምን፣ ባለፈው የበረዶ ወራት ቤት ሰጡት። ያን ጊዜ ጠራት።

ታየች፦ የወንድ ወግ ነው። ከዚያስ?

ጤናዬ፦ ቤቱን አጠበ። እሷ የምትወደውን ሐምራዊ መጋረጃ ፈልጎ ሰቀለ። ምግብ ሠራ። መስኮቱ ጋ ቆሞ መንገዱን ሲያይ፣ በረዶው ላይ የመጣው ሰው ሁሉ እሷ እየመሰለው አመሸ። ምግቡ በረደ።

ታየች፦ ቀረች?

ጤናዬ፦ ቀረች። ሲደውል አታነሳም። በኋላማ ስልኩም ጠፋ።

ታየች፦ ጨካኝ! (መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ትጠርጋለች) ልቧ ምን ዓይነት ድንጋይ ነው? ሐምራዊ መጋረጃ! እኔ ሐምራዊ ስወድ ማንም አልሰቀለልኝም፤ ለእንዲህ ያለችዋ ባክኖ ቀረ!

ጤናዬ፦ እኔም አልቅሻለሁ ግዛው ሲነግረኝ።

ታየች፦ ባገኛት ምን እንደምላት ታውቂያለሽ? «አንቺ ሴት፣ ወንድ የሚባለውን ፍጥረት ለእኛ ለቀሪዎቹ ያበላሸሽብን አንቺ ነሽ» እላታለሁ። ምን ነክቷት ነው? ምን ትጠብቅ ነበር? በባንድ ሊጠራት ነው? የኔ መኩሪያ የዚያን ሰውዬ ግማሽ ልብ ቢኖረው…

ጤናዬ፦ የአንቺው ምን አደረገሽ?

ታየች፦ እሱም ቤት አገኘ። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ። ከሰው ነው የሰማሁት። እንግዲህ ጊዜው ደርሷል ብዬ፣ ሴት ሆኜ፣ ኩራቴን ውጬ፣ ባቡር ላይ ተቀምጬ ደወልኩለት። ሳምንት ሙሉ ምን እንደምለው ሳሰላስል ነበር። ረዥም ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ድምፁን ስሰማ ሁሉም ጠፋብኝ። የቀረችኝ አንዲት ቃል ናት።

ጤናዬ፦ ምን አልሽው?

ታየች፦ «ልምጣ?» አልኩት።

ጤናዬ፦ ልምጣ አልሽው?

ታየች፦ እሱ ደግሞ ሳያስብ፣ ሳያመነታ፣ ጆሮዬን እስኪያመኝ ጮክ ብሎ «ነይ!» አለኝ። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ገባ፤ ስልኩ ተቋረጠ፤ እኔም አብሬ ተቋረጥኩ።

ጤናዬ፦ ታዲያ ለምን አልሄድሽም?

ታየች፦ የት?

ጤናዬ፦ እሱ ጋ።

ታየች፦ ነይ ብሎኝ?!

ጤናዬ፦ ነይ ብሎሽ።

ታየች፦ አንቺ ልጅ፣ አትሰሚም? ነይ ነው እኮ ያለኝ!

ጤናዬ፦ ሰማሁ። ነይ ካለሽ ለምን አልሄድሽም?

ታየች፦ ቅድም አስተማርኩሽ አይደል? ነይ ማለት እኮ…

(አፏ ተከፍቶ ይቀራል። ከባሕሩ ላይ አንዲት ወፍ ጮኻ ታልፋለች።)

ታየች፦ (በቀስታ) ነይ ማለት…

ጤናዬ፦ እትዬ፣ «ልምጣ» ያልሽው በምን ቋንቋ ነበር?

ታየች፦ በአማርኛ ነዋ! እንዲህ ያለ ነገር በኖርስክ፣ በኖርዌጂያኖቹ ቋንቋ ይባላል?

ጤናዬ፦ ስለዚህ እሱ የመለሰልሽ…

ታየች፦ ዝም በይ።

ጤናዬ፦ ዝም አልኩ።

ታየች፦ ደጋግሞ ደውሎ ነበር። ሊያጽናናኝ ነው ብዬ አላነሳሁም። ቁጥሬን ቀየርኩ። (ፈራ ተባ እያለች) ጤናዬ… የባልሽ ጓደኛ… ጉልበቱን ያመዋል?

ጤናዬ፦ ግዛው ሲናገር፣ መስኮቱ ጋ ብዙ በመቆሙ ጠዋት ማነከሱን ሰምቻለሁ።

ታየች፦ ወይኔ እናቴ! (አሸዋው ላይ ቁጭ ትላለች) ጨካኟ…

ጤናዬ፦ ልቧ ድንጋይ ነው ያልሻት።

ታየች፦ አትድገሚልኝ! (ወዲያው ተነስታ፣ እንደ ጠበቃ) ቆይ፣ ቆይ። መኩሪያ እኮ ከኔ የባሰ ነው። ኖርስክ ሳይቀላቅል አይናገርም። ሲጸልይ እንኳ «ያ፣ ጌታ» ነው የሚለው። በኖርስክ ብሎኝ ቢሆንስ? ማን ያውቃል?

ጤናዬ፦ መጋረጃውስ በየትኛው ቋንቋ ነው የተሰቀለው?

(ከመርከቡ ረዥም ጥሩምባ ይሰማል። ተሳፋሪዎች ፎጣቸውን መጠቅለል ይጀምራሉ።)

ጤናዬ፦ መርከቡ ጠራን። ሂጂ፣ ቶሎ አናግሪው።

ታየች፦ እኔ? ምን ብዬ? «ይቅርታ፣ አማርኛ ጠፍቶብኝ ነው» ልበለው? ለጸሎት ቤቱ ሰው ሁሉ ሳስተረጉም፣ ሳስረዳ የኖርኩ ሴት! አንቺ ሂጂ።

ጤናዬ፦ እኔማ አጠፋለሁ።

ታየች፦ ምንም አታጠፊም። አንድ ነገር ብቻ በይው። «ታየች፣ ልምጣ ወይ ትላለች» በይው። ሌላ አንዲት ቃል አትጨምሪ። መልሱን ይዘሽ ተመለሺ። ሩጪ!

(ጤናዬ ትሮጣለች። ታየች ብቻዋን ትቀራለች። ዞራ ለማየት አንገቷ ይሄዳል፤ በእጇ ትመልሰዋለች። በመጨረሻ አጠገቧ ላለው ዘንባባ ትናገራለች።)

ታየች፦ አንተስ ምን ታያለህ? አንተም ሞቃት ነው ብለውህ አይደል የመጣኸው! … ምን አለ እስቲ፣ አንተ በዚያ በኩል ነህ፣ ይታይሃል። ኮፍያውን አወለቀ? … መናገር አትችልም። ብትናገርም በስፓኒሽ ነው፤ እሱን ደግሞ አልችልም።

(ጤናዬ እያለከለከች ትመለሳለች። በእጇ በዳቦ የተጠቀለለ ቋሊማ ይዛለች።)

ታየች፦ ምን አለ?

ጤናዬ፦ ሰናፍጭ ይጨመርልሽ ወይ አለ።

ታየች፦ ጤናዬ!

ጤናዬ፦ ሰልፍ ነበር እኮ። ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ በአማርኛ ሰላም ስለው ደነገጠ። «አንቺ የግዛው ባለቤት አይደለሽም? ፎቶሽን አሳይቶኛል» አለ። ነኝ አልኩ።

ታየች፦ ከዚያስ?

ጤናዬ፦ ቋሊማ ሰጠኝ።

ታየች፦ ከዚያስ ነው የምልሽ!

ጤናዬ፦ ሰናፍጩን ጠየቀኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ «ታየች፣ ልምጣ ወይ ትላለች» አልኩት። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ታየች፦ (ልብሷን ጨብጣ) እሱስ?

ጤናዬ፦ ሰናፍጩ እጁ ላይ ፈሰሰ። ወደዚህ አየ። ጀርባሽን አየ። ከዚያ «ነይ» አለ።

ታየች፦ ነይ አለ! (ትዘላለች፤ ወዲያው ቀጥ ትላለች) … በየትኛው?

ጤናዬ፦ እንዴት በየትኛው?

ታየች፦ በአማርኛ ነው በኖርስክ?

ጤናዬ፦ ብቻ… አንድ ነገር አለ። በዚያው ሰዓት አንድ ፈረንጅ ከኋላዬ ባዶ ሳህን ዘርግቶ የሆነ ነገር ጠየቀው።

ታየች፦ ምን ብሎ?

ጤናዬ፦ እኔ የት አውቄ! ምናልባት ቋሊማ አለ ወይ ብሎት ይሆናል።

ታየች፦ ስለዚህ «ነይ» ያለው ለፈረንጁ ነው! የለም ማለቱ ነው!

ጤናዬ፦ ምድጃው ላይ ግን ቋሊማ ሞልቶ ነበር።

ታየች፦ ዓይኑስ? ዓይኑ ወዴት ነበር?

ጤናዬ፦ ዓይኑ ወደዚህ፣ እጁ ወደ ፈረንጁ።

ታየች፦ ድምፁስ? ወደ ላይ ወጣ ወይስ ወደ ታች ወረደ? በኖርስክ ሲሆን እኮ ትንሽ ይዘፍናል።

ጤናዬ፦ ተንቀጠቀጠ።

ታየች፦ በብርድ ነው በምን?

ጤናዬ፦ ምድጃ ዳር የቆመ ሰው ይበርደዋል?

(ጥሩምባው ደግሞ ይጮኻል። ነጭ ሸሚዝ የለበሱ የመርከቡ ሠራተኞች ተሳፋሪውን ወደ መርከቡ መወጣጫ ይነዳሉ። ከምድጃው በኩል፣ ከጭሱ ውስጥ፣ አንድ የወንድ ድምፅ ይሰማል።)

ድምፅ፦ ነይ!

(ታየች ደርቃ ትቆማለች። አሁንም ጀርባዋ ለምድጃው ነው።)

ታየች፦ ሰማሽ? አሁን ሰማሽ? ማንን ነው? ጤናዬ፣ የኔ እናት፣ አንዴ ብቻ እርጂኝ። ይህስ በየትኛው ነው?

ጤናዬ፦ (ቋሊማዋን እያኘከች፣ ረጋ ብላ) እትዬ፣ እኔ አንዱን ብቻ ነው የማውቀው፤ በእሱ ከሆነ እየጠራሽ ነው። አንቺ ሁለቱንም ትችያለሽ። የሚሻልሽን ምረጪ።

(ታየች ጤናዬን አፍጥጣ ታያታለች። ጫማዋን አውልቃ ትጥላለች። ትዞራለች። ፀሐይ አሸዋውን ሁሉ ወርቅ አድርጋ ከደመናው ትወጣለች፤ ታየች ግን አላየቻትም፤ በተዘረሩት ሰዎች መካከል፣ ፎጣ እየረገጠች፣ እየሮጠች ነው።)

ታየች፦ (ደሴቱን ከነመርከቡ በሚያስደነግጥ ድምፅ) መጣሁ!